የዕጣን ዛፍ ልጅ ያጣው ለምንድን ነው?

ጎንደርም ሆነ ጠዳ ቡና ተፈልቶ ዕጣን ካልጨሰ ነገሩ ሙሉ አይሆንም። ዛፉን ግን ጠዳ አካባቢ ብትፈልጉት አታገኙትም። የሚወደው ሞቃትና ደረቅ ቆላ ስለሆነ፣ ከአዘዞ ወደ ምዕራብ ታጥፋችሁ ወደ መተማ መውረድ አለባችሁ።

ሳይንሳዊ ስሙ ቦስዌሊያ ፓፒሪፌራ ነው። ሁለተኛው ቃል «ወረቀት ተሸካሚ» ማለት ነው፤ ቅርፊቱ እንደ ስስ ወረቀት እየተላጠ ይነሳላ! ቁመቱ ብዙ ጊዜ ከ12 ሜትር አይበልጥም። በጋ ሲገባ ውሃ ለመቆጠብ ቅጠሉን ያራግፋል፤ የሚያብበውም ያለ ቅጠል ነው።

ዕጣኑ ራሱስ ምንድን ነው? የዛፉ ቁስል ማሸጊያ ነው። ቅርፊቱ ሲቆረጥ ነጭ ፈሳሽ ይወጣና ይደርቃል፤ ነፍሳትና ተዋሲያን እንዳይገቡም በሩን ይዘጋል። ዕጣን ለቃሚዎች በበጋ ቅርፊቱን በትንሹ ይፍቃሉ፣ የደረቀውን ይሰበስባሉ፣ ከሁለት ከሦስት ሳምንት በኋላ ደግሞ ያንኑ ቁስል ያድሱታል።

ችግሩ የሚጀምረው እዚህ ጋ ነው። ዛፉ ዕጣንም ዘርም የሚሠራው ከአንድ ጎተራ፣ ካጠራቀመው ምግብ ነው። ኤርትራ ውስጥ ተሠርቶ በ2006 እ.ኤ.አ. የታተመ ጥናት እንዳሳየው፣ ካልተፈቀፈቁ ዛፎች ዘር ከ80 በመቶ በላይ ሲበቅል፣ ከተፈቀፈቁት ግን የበቀለው ከ16 በመቶ በታች ነበር።

የበቀለውም ቢሆን አያድግም። ክረምት ላይ ብቅ ያለውን ችግኝ ከብት ይግጠዋል፣ በጋ ላይ ደግሞ የሣር እሳት ይበላዋል። በ2019 እ.ኤ.አ. የወጣ ሌላ ጥናት 23 የዕጣን ዛፍ ደኖችን ፈትሾ፣ ከሦስት አራተኛ በላይ በሚሆኑት ውስጥ ትናንሽ ዛፎች እንደሌሉ አገኘ። በዚሁ ከቀጠለ ምርቱ በ20 ዓመት ውስጥ በግማሽ ይቀንሳል ተብሎ ተገምቷል።

ደኑን ከሩቅ ስታዩት ሙሉ ይመስላል፤ ግን ሽማግሌዎች ብቻ የቀሩበት መንደር በሉት።

መፍትሔው የሚታወቅ ነው፦ ዛፉን በየተወሰነ ዓመት ማሳረፍ፣ የቁስሉን ቁጥር መቀነስ፣ ችግኝ ያለበትን ቦታ ከከብትና ከእሳት መከለል። ከባዱ ነገር ትዕግሥቱ ነው። ለቃሚው ገቢ የሚያስፈልገው ዘንድሮ ነው፤ ችግኙ ግን ዛፍ እስኪሆን ብዙ ዓመት ይፈልጋል። ስለዚህ ዛፉን ማዳን ማለት ለቃሚው ዛፉን ሲያሳርፍ የሚኖርበትን መንገድ መፈለግም ጭምር ነው።