በግመል ላይ የሚጫን ቤት

ቤት የሚለው ቃል ሲነሣ ፈጥኖ ወደ አሳባችን የሚመጣው ግድግዳና ጣራ፤ በርና ቁልፍ፤ ከዚህም ሁሉ በላይ ከስፍራው የማይነቃነቅ መሠረት ነው። ነገር ግን ከድሬዳዋ ከተማ ወጥቶ በሽንሌ በኩል ወደ ጅቡቲ የሚወርደውን ደረቅ ሜዳ የተመለከተ ሰው ሌላ ዓይነት ቤት ያያል። ይህ ቤት ዛሬ ከቆመበት ስፍራ ነገ ጧት ተነሥቶ በግመል ጀርባ ይጫናል፤ ማታም ራቅ ካለ ሜዳ ላይ እንደገና ይቆማል። ባለቤቶቹም ከጥንት ዠምሮ በዚህ አገር ከብት እያረቡ የኖሩት የኢሳ ሶማሌ ቤተሰቦች ናቸው። ስለ ቤተሰብ ኑሮ በሚነገርበት በዚህ ገጽ የእነርሱን የቤት አያያዝ ለአንባቢዎቻችን ማስረዳት የሚገባ ሆኖ አግኝተነዋል፤ ምክንያቱም ይህን ኑሮ ቤት ማጣት አድርጎ የሚቈጥረው ሰው አያሌ ነው።

ድሬዳዋ ራስዋ የመንገደኛ ከተማ መሆንዋ የታወቀ ነው። ከጅቡቲ የተነሣው የምድር ባቡር ሐዲድ የሐረርን ተራራ መውጣት አስቸጋሪ ስለሆነበት በ1895 ዓመተ ምሕረት ከተራራው ግርጌ በድሬዳዋ ቆመ፤ በጣቢያውም ዙሪያ ከተማይቱ ተቈረቈረች። ሐዲዱ ከዚያ ቀጥሎ አዲስ አበባ የደረሰው በ1909 ዓመተ ምሕረት ነው። ስለዚህ ባቡሩ ከመምጣቱ በፊት ዕቃ የሚያመላልስ የግመል ጭነት ነበረ፤ ባቡሩ ከመጣም በኋላ ግመሉ አልቀረም። ባቡር በሐዲዱ ብቻ ይሄዳልና፤ ሣርና ውኃ ግን በሐዲድ ዳር ብቻ አይገኙም።

በአማርኛችን ባልም ሚስቱን፤ ሚስትም ባልዋን «ባለቤቴ» ይባባላሉ። በሶማሌ አርብቶ አደር ዘንድ ግን ይህ ስም በእውነት የሚገባው ለሴቲቱ ነው። «አቃል» የሚባለው ይህ ቤት የእርስዋ ነውና። ልጃገረዲቱ ለጋብቻ ስትታጭ እናትዋና የዘመድ ሴቶች ተሰብስበው ምንጣፉንና የወተቱን ዕቃ ይሠሩላታል፤ እርስዋም ይህን ይዛ ጎጆ ትወጣለች። ቤቱን የምትተክል፤ የምትነቅልና የምትጠግን እርስዋ ናት። ስለዚህ ባልየው ምንም ብዙ ግመል ያለው ባለጸጋ ቢሆን ከፀሐይና ከነፋስ የሚጠለለው ሚስቱ በሠራችው ጥላ ሥር ነው።

የቤቱም አሠራር እንደሚከተለው ነው። ረዣዥም የዛፍ ሥርና ለጋ እንጨት እንደ ቀስት ተለምጦ እንዲቀር ይደረጋል። እነዚህ ቀስቶች በክብ ዙሪያ በመሬት ተተክለው ጫፍ ለጫፍ በገመድ ሲታሰሩ የተደፋ ቅል የመሰለ ማገር ይሆናሉ። ከላዩም ከሣርና ከግራር ልጥ የተሠራው ወፍራም ምንጣፍ ይደረብበታል። የግራሩን ልጥ ቀጥቅጦና ፈትሎ ከሣር ጋራ አያይዞ መሥራት የብዙ ወራት ድካም ስለሆነ፤ ሴቶች በአንድነት ተቀምጠው እየዘፈኑ ይሠሩታል። ምንጣፉ ቀን የፀሐዩን ግለት ይከላከላል፤ ነፋስ በተፈለገም ጊዜ ጠርዙ ወደ ላይ ይገለጣል፤ ሌሊት ብርድ ሲመጣ ይዘጋል። ማገሩም ክብ ስለሆነ የሜዳው ዐውሎ ነፋስ የሚይዘው ማዕዘን አያገኝበትም። ሥራውን የለመደች ሴት በሴት ልጆችዋና በጎረቤቶችዋ ረዳትነት በጥቂት ሰዓት ውስጥ አቁማ ትጨርሰዋለች።

የዕቃው አያያዝ ደግሞ እጅግ የሚያስገርም ነው። በጉዞ የሚኖር ሰው የሚሰበርና የሚከብድ ዕቃ ሊያበዛ አይችልምና፤ የወተቱ ዕቃ ከሥራሥርና ከልጥ ተለቅሞ ተጠብቆ የተሰፋ ነው፤ ወተት አያፈስም፤ ቢወድቅም አይሰበርም። የደጋ እመቤት የወተት ቅልዋን በወይራ እንደምታጥን ሁሉ፤ የኢሳ ሴትም ዕቃዋን በመልካም እንጨት ጢስ ታጥነዋለች። ጢሱ ዕቃውን ከማሽተቱም በላይ ወተትን ፈጥኖ የሚያበላሸውን ነገር ስለሚቀንስ፤ ውኃ እንደ ልብ በማይገኝበት አገር እንደ ማጠቢያ ያገለግላል። ለስንቅ የሚሆነው ሥጋ በቀጭኑ ተቀርድዶ በፀሐይ ይደርቃል፤ ከዚያም በጥቃቅኑ ተቈርጦ በቅቤ ይጠበስና በዚያው ቅቤ ውስጥ ተከድኖ ይቀመጣል፤ እንዲህም ሆኖ ለብዙ ጊዜ ይቈያል። ይህ ምግብ ሙቅማድ ይባላል፤ ለሠርግና ለክቡር እንግዳም ይቀርባል።

የጉዞ ቀን በደረሰ ጊዜ ሥራው የሚዠመረው ጎሕ ሳይቀድ ነው። በመዠመሪያ ምንጣፉ ከቤቱ ላይ ይወርድና በግመሉ ጀርባ ላይ ይነጠፋል፤ ትናንት ጣራ የነበረው ዛሬ ኮርቻ ይሆናል ማለት ነው። ቀስት የመሰሉት እንጨቶች በግመሉ ግራና ቀኝ ይታሰራሉ። ከእነርሱም መካከል ዕቃው፤ ሕፃናቱ፤ አዲስ የተወለዱት ግልገሎችና መራመድ ያቃታቸው ሽማግሌዎች ይቀመጣሉ። ግመሎቹም እርስ በርሳቸው ተቀጣጥለው በሴቲቱ መሪነት ይሄዳሉ። እንግዲህ ከዚህ ቤት የሚባክን አንዳች ነገር የለም፤ ቤቱ ሲቆም ጣራ የሆነው ሁሉ በመንገድ ጭነት ማደላደያ ነው።

አንዳንድ ሰው እነዚህ ቤተሰቦች የሚንቀሳቀሱት መንከራተት ስለሚወዱ ይመስለዋል፤ ነገሩ ግን እንዲህ አይደለም። ፍየልና በግ ከጥቂት ቀን በላይ ያለ ውኃ አይቈዩም፤ ግመል ግን ሳምንትና ከዚያም በላይ ይታገሣል፤ ውኃ ሲያገኝም በአንድ ጊዜ እስከ 100 ሊትር ሊጠጣ ይችላል። ስለዚህ ቤተሰቡ ሥራውን በሁለት ይከፍላል። ጎልማሶችና ወጣቶች ግመሎችን ይዘው ወደ ሩቅ ግጦሽ ይሄዳሉ፤ እናቶች፤ ሕፃናትና ሽማግሌዎች ደግሞ ከፍየሉና ከበጉ ጋራ ወደ ውኃው ቀረብ ብለው ቤታቸውን ይተክላሉ። ጂላል የሚባለው የበጋ ወራት ገብቶ የድሬዳዋና የሽንሌ ሜዳ ሲደርቅ በጅቡቲ የባሕር ዳር በኩል ጥቂት ዝናም የሚጥልበት ጊዜ አለ፤ ከመንጎችም ወደዚያ የሚወርዱ ይኖራሉ። በበልግና በክረምትም ዝናሙን ተከትለው ይመለሳሉ። ከመንቀሳቀስም በፊት አስተዋይ ሰው ተልኮ የሣሩን፤ የውኃውንና የአገሩን ሰላም አይቶ ይመጣል። ይህ ሁሉ በምክርና በቀጠሮ የሚሠራ እንጂ በዘፈቀደ የሚደረግ ጉዞ አይደለም።

ቤትን ይዞ መጓዝ በአገራችን ታሪክ እንደ ውርደት የተቈጠረበት ዘመን የለም። «ከተማ» የምንለው ቃል «ከተመ» ከሚለው የመጣ ሲሆን፤ ትርጉሙም ሰፈረ፤ ድንኳን ተከለ ማለት ነው። ዐፄ ፋሲለደስ ጎንደርን እስኪቈረቍሩ ድረስ ለብዙ ዘመን ነገሥታቱ በድንኳን ከተማ ከአገር ወደ አገር ይዘዋወሩ ነበር። ፖርቱጋላዊው ቄስ ፍራንሲስኮ አልቫሬዝ በዐፄ ልብነ ድንግል ዘመን መጥቶ የዚያን የድንኳን ከተማ ሥርዓት አይቶ በመጽሐፉ ጽፎታል። የመኳንንቱ አያቶች ጓዛቸውን በበቅሎ አስጭነው በድንኳን ያድሩ እንደ ነበረ የሚያስታውስ ሰው፤ በግመል የሚጫነውን ቤት ሊንቅ አይገባውም።

በሩቅ አገር እንኳ ተመሳሳይ ነገር አለ። በአሜሪካ ብዙ ጡረተኞች ቤታቸውን ሽጠው መኝታና ወጥ ቤት ባለው ባለ ሞተር ቤት ውስጥ ይኖራሉ። በሰሜን በረዶ ሲወርድ ወደ አሪዞና ምድረ በዳ ወርደው ኳርትዝሳይት በምትባል ትንሽ ከተማ አጠገብ ይከርማሉ። የአገሩም መንግሥት በአውሮጳ አቈጣጠር ከ1983 ዓመት ዠምሮ በዚያ ምድረ በዳ ሰፊ መሬት ከልሎ፤ ጥቂት ገንዘብ እየከፈሉ ከመስከረም 5 ቀን እስከ ሚያዝያ 7 ቀን እንዲሰፍሩበት ፈቅዶላቸዋል፤ ውኃ የሚቀዱበትና ቈሻሻ የሚደፉበት ስፍራም አሰናድቶላቸዋል። የሚያስገርመው ግን በዚያች ከተማ መቃብር ላይ የግመል ምስል ያለበት ሐውልት መገኘቱ ነው። ይኸውም የአሜሪካ ጦር በ1856 ለጭነት ግመሎችን ከምሥራቅ አገር ባስመጣ ጊዜ አብሮ የመጣው የሐጂ ዓሊ መቃብር ነው። እርሱም ያረፈው ባቡር ድሬዳዋ በገባበት ዓመት፤ በ1895 ዓመተ ምሕረት ነበር። ለመዝናናትና ከብርድ ለመሸሽ ለሚጓዙት ሰዎች መሬት ከተከለለላቸውና ውኃ ከተሰናዳላቸው፤ ለእንጀራቸው የሚጓዙት ይህን ያህል ማግኘት እንደሚገባቸው አንባቢ ራሱ ይፍረድ።

አሁን ግን ይህ ቤት ብርቱ አደጋ ላይ ነው። በ2007ና በ2008 ዓመተ ምሕረት የወረደው ድርቅ የሲቲን አገር ክፉኛ ጐድቶ አያሌ ቤተሰቦችን ከከብታቸው ለይቷቸዋል። የጭነት ግመል የሞተበት ቤተሰብ ቤቱ መሬት ላይ ተተክሎ ይቀራል። ቤቱ ካልተነሣም የቀሩት ፍየሎች በዙሪያው ያለውን ሣር ይጨርሱታል። ከዚያ በኋላ ሴቲቱ ለልጆችዋ እህል ለመግዛት ግራር ቈርጣ ከሰል ማክሰል ትዠምራለች። ግራሩ ሲያልቅ ደግሞ ልጡም አብሮ ስለሚያልቅ፤ ምንጣፉ ያረጀበት ቤት በላስቲክና በአሮጌ ጨርቅ ይሸፈናል። ላስቲክ የፀሐዩን ግለት ወደ ውስጥ ያስገባል እንጂ እንደ ምንጣፉ አያስተነፍስም። እንዲህ እየሆነ አንድ ግመል የሞተበት ቤት መላ ኑሮውን ያጣል። በዚህ ላይ ከአሜሪካ አህጉር የመጣው ፕሮሶፒስ የሚባለው እሾሃም ዛፍ ፍሬውን የበሉ ከብቶች ዘሩን በየሜዳው እየጣሉት በመስፋፋቱ፤ ሣር የነበረበትን ስፍራና መንገዱን ይዘጋል።

ይሁን እንጂ የኢሳ ቤተሰቦች አዲሱን ነገር ሁሉ የሚጠሉ አይደሉም። ቢጫው ጀሪካን ዛሬ ከግመሉ ጀርባ አይጠፋም። ዝናም ወዴት እንደ ጣለ በእጅ ስልክ ይጠያየቃሉ። ሴቶችም የግመል ወተት ወደ ድሬዳዋ አምጥተው ይሸጡና ስኳር፤ ሻይና ሩዝ ገዝተው ይመለሳሉ። ልጆቻቸው ፊደል እንዲያውቁ የሚሹ እናቶች ብዙዎች ናቸው፤ የሚያስቸግራቸው ግን ትምህርት ቤቱ አንድ ስፍራ ቆሞ እነርሱ መሄዳቸው ነው። ልጁን ከከተማ ዘመድ ዘንድ ካስቀመጡት እረኛ ያጣሉ፤ ይዘውት ከሄዱም ትምህርቱ ይቋረጣል። ይህ ጭንቀት በየቤቱ ያለ ነው።

ስለዚህ በዚህ አገር ሥራ ላይ ያላችሁ ሹማምንት ሊያስቡበት የሚገባ ነገር አለ። በ1987 ዓመተ ምሕረት የጸደቀው ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 40 አርብቶ አደሮች የግጦሽ መሬት በነፃ የማግኘትና ከመሬታቸው ያለመፈናቀል መብት እንዳላቸው ይደነግጋል። በ2017 ዓመተ ምሕረት ደግሞ ኄር ኢሴ የሚባለው የኢሳ ሶማሌ የቃል ሕግ በኢትዮጵያ፤ በጅቡቲና በሶማልያ ስም በዩኔስኮ የዓለም የማይዳሰስ ቅርስ መዝገብ ገብቷል። ሕጉን አክብሮ ሕዝቡን የሚያኖረውን መንገድ መዝጋት ግን እርስ በርሱ የሚጋጭ ሥራ ነው። አዲስ መንገድ፤ አጥር ወይም ሕንጻ ሲሠራ ግመሎቹ ወደ ውኃ የሚወርዱበት መተላለፊያ ይተውላቸው። ከድርቅ በኋላ ለተጐዱ ቤተሰቦች ከብት ሲሰጥ ከፍየሉ ጋራ የጭነት ግመል ይታሰብላቸው። አስተማሪውና የክትባት ሐኪሙ ቤተሰቡ በየወራቱ የሚሰፍርበትን ስፍራ ከአገር ሽማግሌዎች ጠይቀው ቢከተሉት፤ ልጁ ከመንጋውም ከፊደሉም ሳይለይ ያድጋል። ሕዝብ ሲቈጠርም ቈጣሪው የቤቱን በር ፈልጎ ካጣ የቤቱን እመቤት ይጠይቅ፤ ቤቱ እርስዋ ካለችበት ነውና።

ይህን ኑሮ ትቶ ከተማ መግባት የሚፈልግ ቤተሰብ ቢኖር መብቱ ነው፤ ማንም ሊከለክለው አይገባም። ነገር ግን ወዶ መግባትና ግመል አልቆበት ከመንገድ ዳር መቅረት አንድ አይደሉም። የመዠመሪያው ገንዘብ ቋጥሮና ልጆቹን አስከትሎ ይገባል፤ ሁለተኛው የሚገባው እጁን ለልመና ዘርግቶ ነው። የቤት ክብር በግድግዳው ውፍረት አይለካም፤ ልጆች ጠግበው፤ ሽማግሌዎች ተጦረው፤ እንግዳም በክብር ተቀብሎ የሚያድርበት ከሆነ፤ ምንም በግመል ጀርባ ቢጫን ሙሉ ቤት ነው።