ዓሣው ሲጨነቅ ውኃውን ይመልከቱ

ለዓሣ እርባታ ኩሬ መቆፈር፣ ውኃ መሳብና ጫጩት መግዛት ጉልበትም ገንዘብም ይጠይቃል። ይህ ሁሉ ድካም ግን ጫጩቶቹ ኩሬ በገቡ በመጀመሪያዎቹ ቀናት መና ሊቀር ይችላል። ሲገቡ ደህና የነበሩ ጫጩቶች በማግስቱ ንጋት ላይ አፋቸውን ወደ ውኃው ገጽ አውጥተው ሲያለከልኩ፣ በጎናቸው ሲጋደሙ ወይም ውኃ በሚገባበት ቱቦ አፍ ሲታጨቁ ይታያሉ። አርቢው “በሽታ ይዘው መጡ” ብሎ መድኃኒት ፍለጋ ይሮጣል። አብዛኛውን ጊዜ ግን ችግሩ ያለው ከዓሣው ሳይሆን ከውኃው ነው።

ሁለቱን ለመለየት የሚረዳ ቀላል ምልክት አለ። ጫጩቶቹ በአንድ ጊዜ፣ ሁሉም በተመሳሳይ መልኩ ከተጨነቁ የሚጠረጠረው ውኃው ነው። ጥቂቶቹ ብቻ ታመው በቀናት ልዩነት አንድ በአንድ የሚሞቱ ከሆነ፣ በገላቸው ላይ የጨው ቅንጣት የሚመስል ነጭ ነጠብጣብ ወይም ጥጥ መሰል ነገር ከታየ፣ ወይም ገላቸውን ከድንጋይ ጋር የሚያሻሹ ከሆነ ጥገኛ ተባይ ወይም በሽታ ይጠረጠራል።

በአሰላና በአካባቢዋ ጉዳዩ ይበልጥ ጥንቃቄ የሚጠይቅበት ምክንያት አለ። የካታር ወንዝ ከአርሲ ተራሮች ወርዶ የሚገባበት የደምበል ሐይቅና በዳርቻው ያለችው ባቱ ከተማ ከባሕር ጠለል በላይ 1 ሺህ 600 ሜትር ገደማ ላይ ይገኛሉ። አሰላ ግን ከ2 ሺህ 400 ሜትር በላይ ናት። ከፍታ ሲጨምር የአየር ግፊት ስለሚቀንስ ውኃ የሚይዘው ኦክስጅንም ይቀንሳል። ሙቀቱ 20 ዲግሪ ሴንቲግሬድ የሆነ ውኃ በባሕር ጠለል ላይ በሊትር 9 ሚሊ ግራም ያህል ኦክስጅን ሲይዝ፣ በአሰላ ከፍታ ግን ከ7 ሚሊ ግራም አያልፍም። ለዓሣ ደግሞ ከ5 ሚሊ ግራም በታች መውረድ የለበትም። ስለዚህ ደጋ ላይ ያለው ትርፍ ጠባብ ነው፤ ፍግ የበዛበት ወይም ዓሣ የታጨቀበት ኩሬ ሌሊት ላይ ቶሎ ኦክስጅን ያጣል።

ከሞቃት ቆላ ወደ ደጋ የሚመጣ ጫጩት ሌላው ፈተናው ብርድ ነው። ቆሮሶ ወይም ቲላፒያ በደንብ የሚያድገው ከ25 እስከ 30 ዲግሪ ባለው ውኃ ነው። ውኃው ወደ 16 ዲግሪ ሲወርድ መብላት ያቆማል፤ ከ12 ዲግሪ በታች ከቆየ ይሞታል። ካርፕ ግን ብርድን የሚቋቋም ዓሣ ነው። ትራውት ከኬንያ መጥቶ በባሌ ተራሮች ቀዝቃዛ ወንዞች ውስጥ መላመዱም፣ ዓሣ ለውኃው ተመርጦ መግባት እንዳለበት ያሳያል። ስለዚህ ለደጋ ኩሬ ከመግዛትዎ በፊት የውኃውን ሙቀት ንጋት ላይ በቴርሞሜትር ይለኩ። ቆሮሶ የሚያስገቡ ከሆነ የኅዳርና የታኅሣሥ ውርጭ ካለፈ በኋላ ያስገቡ።

ጥንቃቄው የሚጀምረው ከግዢው ነው። ጫጩቶቹ ከጉዞው በፊት ለአንድ ቀን እንዳይመገቡ ሻጩን ይጠይቁ፤ በባዶ ሆድ የሚጓዝ ዓሣ ውኃውን አይበክልም። ኦክስጅን የተሞላው የፕላስቲክ ከረጢት እስከ ጥግ ተነፍቶ እንዳይታሰር ይጠንቀቁ፤ መኪናው ወደ ደጋ ሲወጣ ውስጡ ያለው አየር ስለሚሰፋ ሊፈነዳ ይችላል። ከረጢቱን ከፀሐይ ከልለው ያጓጉዙ።

ቤት ሲደርሱ ከረጢቱን እንደታሰረ ኩሬው ላይ ከ20 እስከ 30 ደቂቃ ያንሳፍፉት፤ ሁለቱ ውኃዎች በሙቀት ይቀራረባሉ። ከረጢቱን ቀድሞ ከፍቶ ማቆየት ግን ጉዳት አለው። በጉዞ ላይ የተጠራቀመው የዓሣ ቆሻሻ አሞኒያ፣ ከረጢቱ ተከፍቶ የታመቀው አየር ሲወጣ መርዛማነቱ ይጨምራል። ስለዚህ ሙቀቱ ከተቀራረበ በኋላ ከፍተው የኩሬውን ውኃ በጣሳ ጥቂት በጥቂት እየጨመሩ በአጭር ጊዜ ውስጥ ጫጩቶቹን በመረብ አውጥተው ይልቀቁ። የከረጢቱን ውኃ ኩሬው ውስጥ አይድፉት። ለደጋ ኩሬ አመቺው ጊዜ ረፋድ 4 ሰዓት ገደማ፣ ውኃው ትንሽ ሞቅ ሲል ነው። በዚያ ቀን ምግብ አይስጡ።

ጫጩቶቹ ከገቡ በኋላ ቢያለከልኩ ምግብና ፍግ መስጠት ወዲያውኑ ያቁሙ። ከዚያም ከውኃው ከሩብ እስከ ሲሶ የሚሆነውን ብቻ በንጹሕ ውኃ ይተኩ፤ ሙሉ በሙሉ መለወጥ ዓሣውን ዳግም ያስደነግጠዋል። የሚገባው ውኃ ከፍ ካለ ቦታ እየተንቦራጨቀ ይውረድ፤ በተለይ የጉድጓድና የምንጭ ውኃ ኦክስጅን ሊያንሰው ስለሚችል አየር መቀላቀል ያስፈልገዋል። የሞቱትን ቶሎ ያውጡ። የተዳከሙትን በተለየ ባልዲ ውስጥ ማቆየት ይቻላል፤ ለ20 ሊትር ውኃ 60 ግራም ወይም ሦስት የሾርባ ማንኪያ ያህል የገበታ ጨው መበጥበጥ ድንጋጤያቸውን ያቀልላል።

ስንዴና ገብስ በስፋት በሚረጭበት አካባቢ ሌላም ስጋት አለ። የፀረ አረምና የፀረ ተባይ ዕቃ ታጥቦም ቢሆን ለዓሣ ውኃ አይዋል። ከተረጨ ማሳ የሚወርድ ጎርፍም ኩሬው ውስጥ እንዳይገባ ቦይ ይቆፈር። በሲሚንቶ የተሠራ አዲስ ገንዳ ደግሞ ዓሣ ከመግባቱ በፊት ደጋግሞ ተሞልቶ ሊደፋ ይገባል፤ ከሲሚንቶው የሚወጣው ኖራ ስንጥባቸውን ያቃጥላል።

በቤት ወይም በሆቴል በመስታወት ሣጥን የሚቀመጡ ጌጠኛ ዓሦችም ከዚህ ሕግ አይወጡም። ክሎሪን ያለበት የቧንቧ ውኃ አፉ ክፍት በሆነ ዕቃ ቢያንስ አንድ ቀን ማደር አለበት። አዲስ ሣጥን ውስጥ አሞኒያን የሚያከስሙ ባክቴሪያዎች እስኪራቡ ሳምንታት ስለሚወስድ፣ በመጀመሪያ ጥቂት ዓሣ ብቻ ይግባ፤ ምግቡም ይቆጠብ። የካርፕ ዘመድ የሆነው ወርቃማ ዓሣ ለአሰላ ብርድ ተስማሚ ነው።

አዲስ የመጣ ዓሣ ከነባሩ ጋር ሳይቀላቀል ሁለት ወይም ሦስት ሳምንት ለብቻው ይቆይ፤ መረቡም ለየብቻ ይሁን። ነጭ ነጠብጣብ ወይም ቁስል ከታየ በግምት መድኃኒት ከመጨመር በፊት የታመመውን ዓሣ ከነውኃው ናሙና ይዞ የወረዳውን የእንስሳት ጤና ባለሙያ ማማከር ይሻላል። ምልክቱ በጀመረበት ቀን የተለካ የውኃ ሙቀትና የተጻፈ የሟቾች ቁጥር ለባለሙያው ትልቅ መረጃ ነው።