ለጋቢና ለቡና አይሰሰትም

ስለ ቁጠባ በጻፍኩ ቁጥር የሚደርሰኝ ጥያቄ አንድ ዓይነት ነው፦ «ሁሉንም ከቀነስን ታዲያ የምንኖረው ለምንድን ነው?» ጥያቄው ተገቢ ነው። ዛሬ የምመልሰው ባደግኩበት አገር በይፋግ ሰዎች ነው። እነሱን ያህል ሳንቲም የሚቆጥር ሰው አላጋጠመኝም፤ ለወደደው ነገር ደግሞ እነሱን ያህል እጁ የሚፈታም አላየሁም። የሚቆጥቡት ለዚያ ለወደዱት ነገር ነው ብዬ አምናለሁ።

ይፋግን ለማታውቁ፦ ከባሕር ዳር ወደ ጎንደር ስትሄዱ ወረታን አልፋችሁ አዲስ ዘመን ከመድረሳችሁ በፊት የምታገኟት የሊቦ ከምከም ወረዳ ትንሽ ከተማ ናት። ዛሬ ብዙው መኪና ሳይቆም ያልፋታል። በ19ኛው ክፍለ ዘመን ግን ከጎጃም ወደ ጎንደር የሚወጣው ሲራራ ነጋዴ ከሚያርፍባቸው ትልልቅ ገበያዎች አንዷ ነበረች፤ ከጎረቤቷ ከደሪጣ ጋር ስሟ በአውሮፓውያን ተጓዦች ማስታወሻ ውስጥ ይነሳል። በዚያ ገበያ ከጠገራው ብር ጎን አሞሌ ጨው ገንዘብ ነበር፤ ከአፋር ዝቅታ ተፈልጦ በከብት ጀርባ የመጣ ጨው። ገንዘቡ ወጥ ውስጥ መግባት የሚችል ሕዝብ «ልብላው ወይስ ልገዛበት» የሚለውን ሒሳብ የሚማረው ከጓዳው ነው። ያ ልማድ እስከ እኛ ድረስ የደረሰ ይመስለኛል።

ቁጠባው ዛሬም ከእንጀራው ይጀምራል። በፎገራና በሊቦ ከምከም ሜዳ በደርግ ዘመን የተስፋፋው ሩዝ አሁን ዋና ሰብል ሆኗል፤ ወረታ ላይ ብሔራዊ የሩዝ ምርምርና ሥልጠና ማዕከል እስከመቋቋም ደርሷል። ስለዚህ ብዙ ቤት ጤፉን ከሩዝ ጋር ቀላቅሎ ይጋግራል። እንጀራው ነጭ ይሆናል፣ ወጪው ይቀላል፤ ቶሎ መድረቁን ግን መቻል ነው። ንጹሕ ጤፍ የሚጋገረው ለዓመት በዓልና ለእንግዳ ነው። ኮንጎ ጫማ ሲቀደድ ብረት አግሎ መበየድ፣ የተሸነቆረ ጀሪካን መድፈን፣ ገበያ አመሻሽ ላይ ወርዶ ነጋዴው ጭኖ ከመመለስ ብሎ የሚጥለውን ሽንኩርት መግዛት፣ ይህን ሁሉ ስናደርግ ነው ያደግነው። ማንም አያፍርበትም።

በዚያው ሰፈር ግን ቡና በየቀኑ ይፈላል። አቦል፣ ቶና፣ በረካ።

የሚገርመው ቡና ለደገኛው ክርስቲያን ያን ያህል የቆየ ወዳጅ አለመሆኑ ነው። እስከ 19ኛው ክፍለ ዘመን መገባደጃ ድረስ ቡና መጠጣት ከክርስቲያን ቤት አይጠበቅም ነበር፤ ክልከላው እየላላ የሄደው በአጼ ምኒልክ ዘመን ነው። ከዚያ በፊት ቡናው በይፋግ ገበያ በኩል ወደ ምጽዋ ያልፍ ነበር እንጂ በክርስቲያኑ ምድጃ አይጣድም። አሁን እሱ የሌለበት ቤት ሕመም ወይም ሐዘን የገባበት ይመስላል።

ያለፉት ዓመታት ይህን ፍቅር ፈትነውታል። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. ብር በገበያ ዋጋ እንዲመነዘር ሲወሰን፣ 57 ብር ገደማ የነበረው ዶላር በሳምንታት ውስጥ ከ100 ብር አለፈ። ዘይቱም፣ ሳሙናውም፣ ስኳሩም ተከትሎ ወጣ። በ2017 ዓ.ም. ደግሞ የዓለም የቡና ዋጋ ከዚያ በፊት ደርሶበት ወደማያውቀው ጣሪያ ሄደ። በዚያን ጊዜ አክስቴን ቡናውን ትቀንሰው እንደሆነ ጠየቅኳት። ስኳሩን ተወችው፤ ጨው ጣል እያደረገች መጠጣት ጀመረች። ገበያ ላይ ገብስ ተቆልቶ የተቀላቀለበት ቡና በርካሽ ሲሸጥ እያየች አልገዛችም። «ልጄ፣ ስኳር ለኔ ብቻ ነው፤ ቡናውን ካስቀረሁት ግን ጎረቤቱም ይቀርብኛል» አለችኝ።

ሒሳቡን ስታዩት ንግግሯ ትክክል ነው። አክስቴና ቡና አጣጮቿ በተራ ነው የሚያፈሉት፤ ዛሬ እሷ ቤት ከሆነ ነገ ከጎን ካለው ቤት። እያንዳንዷ በየቀኑ ትጠጣለች፣ የምትከፍለው ግን ተራዋ ሲደርስ ብቻ ነው። እዚያ በርጩማ ላይ ተቀምጠው የሽንኩርት ዋጋ አዲስ ዘመን ላይ ስንት እንደገባ ይሰማሉ፣ ማን እንደታመመ ይሰማሉ፣ ልጅ ትምህርት ቤት ሊገባ ገንዘብ የጎደላትን ያለ ወለድ ያበድራሉ። ዕቁቡም የሚጣለው እዚያው ነው። ቡናው ቢቀር ይህ ሁሉ በሌላ መንገድ በገንዘብ ሊገዛ ነው፣ አብዛኛው ደግሞ የሚገዛ አይደለም።

ይሁንና ሁሉን ነገር ጥቅም ፈልጌለት ላጸድቀው አልፈልግም። አክስቴ ከቆላው ከመተማና ከቋራ የሚመጣውን ዕጣን ፍም ላይ ጣል ስታደርግ ዓይኗን ጨፈን አድርጋ ታሸተዋለች። ደስ ስለሚላት ነው የምታጨሰው። ዓመቱን ሙሉ ለሰው የምትሮጥ ሴት ደስ ስላላት ብቻ የምታወጣው ወጪ ቢኖር፣ እኔ ከዚያ በላይ ምክንያት አልጠይቃትም። ስለ ገንዘብ የምንጽፍ ሰዎች ይህንን ከሒሳብ መዝገባችን እናወጣዋለን፤ ከዚያ ሰው ለምን ምክራችንን እንደማይሰማ ይገርመናል።

ጋቢ ግን ራሱን የቻለ ጉዳይ ስለሆነ ትንሽ ልቆይበት።

ይፋግ ለጣና ቅርብ ስለሆነች ወይና ደጋ ናት፣ ብርዱ ይቻላል። አሁን የምኖርበት ደብረ ታቦር ግን ከባሕር ጠለል በላይ 2,700 ሜትር ገደማ ላይ ነው፤ ማታ ከጉና በኩል የሚመጣው ነፋስ አጥንት ይፈልጋል። ገበያው ውስጥ ከውጭ የገባ አበባ አበባ የታተመበት ብርድ ልብስ ሞልቷል፤ ለስላሳ ነው፣ ከጋቢ በብዙ ይረክሳል። ሆኖም በጣም ቆጣቢ የሆነውን ገበሬ ብትጠይቁት የሚፈልገው ጋቢ ነው። ለምን?

ጋቢ እንዴት እንደሚሠራ ያየ ሰው መልሱን ያገኘዋል። ጥጡ ፍሬው በመዳመጫ ይወጣል፣ በደጋን ይነደፋል፣ ባዘቶ ይሆናል። ከዚያ እንዝርቱ ይጀምራል። ሴቲቱ ከሥራ ሥራ መሐል፣ ከብት እያየች፣ ወሬ እያወጋች ትፈትላለች፤ ልቃቂቱ ያድጋል። ሸማኔው ጋ ሲደርስ በብዙ ቦታ ድሩ የፋብሪካ ክር ይሆናል፣ ማጉ ግን የእጅ ፈትል ነው፤ ሙቀቱን የሚይዘውም እሱ ነው። ኩታ ሁለት ድርብ ሲሆን ጋቢ አራት ድርብ ነው። በየድርቡ መሐል አየር ይቀራል፤ የሚያሞቀው ክብደቱ ብቻ አይደለም። በእንዶድ ከታጠበ ንጣቱም አይጠፋም፣ ክሩም አይጎዳም። ቀን ይለበሳል፣ ሌሊት ይደረባል፣ ቤተ ክርስቲያን ይወሰዳል፣ ለቅሶ ቤት ይወሰዳል፣ የታመመ ሰው ይጠቀለልበታል። ሲያረጅ ተቆርጦ ሕፃን ይታቀፍበታል። የውጩ ብርድ ልብስ አልጋ ላይ ይቀራል፤ ሁለት ክረምት ሳይሻገርም ይሳሳል።

እንግሊዛዊው ደራሲ ቴሪ ፕራቼት በ1993 እ.ኤ.አ. ባሳተመው ልብ ወለድ ውስጥ አንድ ገጸ ባሕርይ ስለ ጫማ የሚያስበው ሒሳብ አለ። ሀብታሙ 50 ዶላር ከፍሎ የገዛው ጫማ 10 ዓመት እግሩን ሳያረጥብ ያቆየዋል። ድሃው በ10 ዶላር የሚገዛው ቶሎ ስለሚያልቅ በዚያው ዘመን 100 ዶላር ያወጣል፣ እግሩም እንደረጠበ ነው። ድህነት ውድ ነው የሚባለው በዚህ ነው፤ ጥሩውን ዕቃ በአንድ ጊዜ መግዣ የለህም፣ ስለዚህ መጥፎውን ደጋግመህ ትገዛለህ።

የእኛ አገር ሰው ይህን ወጥመድ የሚያመልጥበትን ዘዴ ግን የትም ተጽፎ አላየሁትም። ጋቢ በአንድ ጊዜ አይገዛም። ጥጡ ትንሽ ገንዘብ በተገኘ ጊዜ ይገዛና ይቀመጣል። ፈትሉ ገንዘብ አይጠይቅም፤ ጊዜና እጅ ነው፣ ለወራት ይንጠባጠባል። ለሸማኔው የሚከፈለው እህል ከተወቃ በኋላ ነው፤ በጥር ወይም በየካቲት። ሳይበደሩ ውድ ዕቃ በዓመት ተከፍሎ የሚገዛበት መንገድ ይህ ነው። ፈታይ የሌለው ከተሜ ደግሞ በዕቁብ ያደርገዋል፤ ከሸማኔው ጋር ቀድሞ ተነጋግሮ ዕጣው እስኪወጣለት ይጠብቃል። ውድ ነገር የሚገዛው የተረፈው ሰው ነው የሚለው አነጋገር እዚህ አይሠራም። የሚገዛው ቀደም ብሎ ያሰበ ሰው ነው።

ልጅ የመጀመሪያ ደመወዙን ሲቀበል ለእናቱ ወይም ለአባቱ ጋቢ የሚገዛውም ለዚህ ይመስለኛል። አባት ለራሱ «ይኼው አለኝ አይደል» እያለ አሮጌውን ይጎትታል፤ ልጁ ሲያለብሰው ግን አይመልሰውም። ቆጣቢ ሰው ለራሱ የሚነፍገውን ሌላው እንዲሰጠው ሥርዓት አበጅተንለታል።

ስለ ወጪ ስናወራ አውራ አምባን መዝለል አይቻልም። ከወረታ ወደ ደብረ ታቦር በሚወስደው መንገድ፣ ፎገራ ወረዳ ውስጥ፣ ዙምራ ኑሩ በ1964 ዓ.ም. የመሠረቱት ማኅበረሰብ ነው። በደርግ መጨረሻ ወደ ደቡብ ተሰደው ሲመለሱ መሬታቸው አብዛኛው በሌላ ሰው እጅ ገብቶ ነበርና ኑሯቸውን በሽመና ላይ አቆሙ። ሰርግ አይደግሱም፣ ተዝካር አያወጡም፣ የሃይማኖት በዓል ድግስ የላቸውም። ከውጭ ለሚያያቸው ከእነሱ የበለጠ ቆጣቢ የለም። ሆኖም ያንን ትንሽ ገንዘብ ይዘው ጧሪ ለሌላቸው አረጋውያን ቤት ሠሩ፣ ሕፃናት የሚማሩበት ቤትና ቤተ መጻሕፍት አቋቋሙ። ገና ራሳቸው በልተው ሳይጠግቡ መጽሐፍ መደርደሪያ ማቆም ለብዙ ጎረቤት ቅንጦት መስሎ ታይቶ ይሆናል። ለእነሱ ዋናው ወጪ እሱ ነበር።

እኔ በሁሉም አልስማማም። የሃይማኖት በዓል የሌለበት ዓመት አይዋጥልኝም። ነሐሴ 13 ቡሄ ሲደርስ፣ በዓሉ ደብረ ታቦርም ስለሚባል የከተማችን ስም ነውና፣ ደብረ ታቦር ውስጥ ያለ ድሃ ቤት ሁሉ ከየትም ብሎ ስንዴ አግኝቶ ሙልሙል ይጋግራል፤ በየደጁ ሆያ ሆዬ ለሚሉ ልጆች ይሰጣል። ያንን ወጪ ቀንሱ የሚል ምክር ከእኔ አትሰሙም። ለጥምቀት ያልሆነ ቀሚስ ይበጣጠስ የሚለውንም ተረት እወደዋለሁ፤ ጥሩ የአገር ልብስ በጥንቃቄ ከተያዘ በየዓመቱ ይወጣል፣ እናት ለልጇም ታወርሰዋለች።

የምቃወመው ሌላውን ነው። በሬ ተሸጦ የሚደገስ ተዝካር፣ በአራጣ ተበድሮ የሚተከል የሰርግ ድንኳን አውቃለሁ። በልቶ የሄደው ሰው በሦስተኛው ቀን ረስቶታል፤ ደጋሹ ግን ሰኔ ሲገባ የሰው በሬ ይለምናል። እንዲህ ያለውን ሰው አባካኝ ብለን አንሰድበውም፣ እንዲያውም «ወግ ያውቃል» እንለዋለን፤ ቡናዋን የማትተወዋን አክስቴን ግን «ምን አላት ብላ ነው» የሚል ጎረቤት አይጠፋም። ይህ ፍርድ መገልበጥ አለበት። በየቀኑ ሰውነትህ ላይ ያለ፣ ከሰው ጋር የምትካፈለው፣ ዕዳ ያላስገባህ ወጪ ከሆነ አትሳቀቅበት። ለታዛቢ ዓይን ብለህ በብድር የምታወጣው ከሆነ ግን ወግም ቢባል ተወው።

አንድ ነገር ልጠይቃችሁ። ከእስቴ፣ ከስማዳ፣ ከላይ ጋይንት፣ ከእብናት፣ ከፋርጣ የምታነቡ ካላችሁ፣ እናንተ ቤት ቆጣቢ የተባለው ሰው የማይሰስትበት ነገር ምንድን ነው? ማር ነው? ለጋ ቅቤ ነው? ሬዲዮ ነው? ከታች ጻፉልኝ፤ ሰብስቤ እዚሁ አወጣዋለሁ። ዘንድሮ ለወላጆቻችሁ ጋቢ ልታሠሩ ያሰባችሁ ደግሞ አሁኑኑ ሸማኔ ጋ ሂዱና ቀብድ ስጡ፤ ማጉ የእጅ ፈትል መሆኑንም በእጃችሁ ዳስሳችሁ አረጋግጡ። ጥምቀት ሲቃረብ ወረፋው ይረዝማል፣ ዋጋውም ይጨምራል።