የተበወዙ ዘፈኖችና የዕድል ሕግ

ብዙዎቻችን በስልካችን ወይም በኮምፒውተራችን በርካታ ዘፈኖችን አከማችተናል፤ ዘወትር የምናዳምጠው ግን ጥቂቶቹን፣ ያውም በለመድነው ቅደም ተከተል ነው። ማጫወቻው ዘፈኖቹን እንደ ካርታ እንዲበውዛቸው ባዘዝነው ቀን፣ ከዓመታት በፊት ቀድተን የረሳነው ዘፈን ድንገት ይመጣና «ይህ እኔ ጋር ነበር እንዴ?» ያሰኘናል። ይሁንና የአንድ ድምፃዊ ሁለት ዘፈኖች ተከታትለው ሲመጡ ማጫወቻው የሚያዳላ ይመስለናል። ለመሆኑ ቅሬታችን ተገቢ ነውን?

ጉዳዩን በቁጥር እንመልከተው። የአሥር ድምፃውያን አሥር አሥር ዘፈኖች፣ በድምሩ 100 ዘፈኖች አሉን እንበል። በመጀመሪያ የጥላሁን ገሠሠ ዘፈን ቢደርሰን፣ ከቀሩት 99 ዘፈኖች 9ኙ የእርሱው ናቸው። ስለዚህ ቀጣዩም የእርሱ የመሆን ዕድሉ 9/99፣ ማለትም 1/11 ነው። ከአንዱ ዘፈን ወደ ሌላው የምንሻገረው 99 ጊዜ በመሆኑ፣ በአማካይ 9 ጊዜ የአንድ ድምፃዊ ዘፈኖች ይከታተላሉ። እንግዲህ መከታተሉ የአድልዎ ማስረጃ ሳይሆን የትክክለኛ ዕጣ ጠባይ ነው።

የተረሱ ዘፈኖችን ለማግኘት ግን የዕጣው ዓይነት ወሳኝ ነው። ማጫወቻው በየጊዜው ከ100ውም መካከል ዕጣ የሚያወጣ ቢሆን፣ 100 ጊዜ ካጫወተ በኋላ በአማካይ 37 ያህሉ ሳይሰሙ ይቀራሉ፤ ሁሉንም ለማዳረስ በአማካይ 519 ጊዜ ያህል ማጫወት ይኖርበታል። በሌላ በኩል ፊሸርና ዬትስ የተባሉት ሊቃውንት እ.ኤ.አ. በ1938 ባሳተሙት የመበወዝ ዘዴ፣ ዕጣ የወጣለት ወደ ጎን ይደረግና ቀጣዩ ዕጣ ከቀሩት መካከል ብቻ ይወጣል። በዚህ ዘዴ እያንዳንዱ ዘፈን አንድ ጊዜ ተራው ይደርሰዋል።

በዕጣ ውስጥ አድልዎ የማየት ልማዳችን በዘፈን ብቻ የተወሰነ አይደለም። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ወቅት የጀርመን በራሪ ቦምቦች በለንደን ከተማ የተመረጡ ሠፈሮችን የሚያጠቁ መስሎ ነበር። ክላርክ የተባለ ባለሙያ እ.ኤ.አ. በ1946 ባሳተመው ጽሑፍ፣ የደቡብ ለንደንን ክፍል በ576 እኩል አራት ማዕዘኖች ከፍሎ የወደቁትን 537 ቦምቦች ቆጠረ። ምንም ያልወደቀባቸው 229 ነበሩ፤ በዕድል ስሌት የሚጠበቀውም 227 ያህል ነው። የተመረጠ ሠፈር አልነበረም ማለት ነው።

ስለሆነም በሽታም ሆነ አደጋ በአንድ ቦታ ተደጋግሞ ስናይ፣ ምክንያት ከመፈለጋችን በፊት «በዕድል ብቻ ስንት ይጠበቅ ነበር?» ብለን እናስላ። ይህን ለመለማመድ ደግሞ ከራሳችን የዘፈን ክምችት መጀመር እንችላለን።