ትምባሆ ለወጣቶች እንዳይሸጥ የሚከለክለውን ሕግ ስለማስከበር

የማጨስ ልማድ በአብዛኛው የሚጀመረው በጉርምስና ዕድሜ ነው። በአሜሪካ በየቀኑ ከሚያጨሱ አዋቂዎች ከ10 ወደ 9 የሚጠጉት ሲጋራ ለመጀመሪያ ጊዜ የሞከሩት 18 ዓመት ሳይሞላቸው መሆኑ ታውቋል። በዚህ ዕድሜ አእምሮ ገና በማደግ ላይ ስለሚገኝ ለኒኮቲን ሱስ በቀላሉ ይጋለጣል። በመሆኑም ወጣቱ ሲጋራ እንዳያገኝ ማድረግ፣ ከዓመታት በኋላ በየሕክምና ተቋሞቻችን የምናየውን የሳንባ ካንሰርና የልብ ሕመም ከወዲሁ መከላከል ነው።

በአገራችን የምግብና መድኃኒት አስተዳደር አዋጅ ቁጥር 1112/2011 ዕድሜው ከ21 ዓመት በታች ለሆነ ሰው ትምባሆ መሸጥን ይከለክላል። ሲጋራን በፍሬ መቸርቸርንም እንዲሁ ከልክሏል። ይሁንና ሕግ ማውጣት የሥራው መጀመሪያ ብቻ መሆኑን የሌሎች አገሮች ልምድ ያሳያል።

በአሜሪካ ኢሊኖይ ግዛት ዉድሪጅ በምትባል ከተማ እ.ኤ.አ. በ1989 ሻጮች ፈቃድ እንዲያወጡ የሚያስገድድ ደንብ ወጣ። ፖሊስ ሻጮች ሳያውቁ ልጆችን ገዥ አድርጎ እየላከ ይፈትሽ፣ የሸጠውንም ይቀጣ ጀመር። ቀድሞ ከሱቆቹ 70 በመቶ ያህሉ ለልጆች ይሸጡ ነበር፤ ከአንድ ዓመት ተኩል በኋላ ግን ይህ ከ5 በመቶ በታች ወረደ። አዘውትረው የሚያጨሱ ተማሪዎች ቁጥርም ከግማሽ በላይ ቀነሰ።

እ.ኤ.አ. በ1997 የታተመ የማሳቹሴትስ ጥናት ደግሞ ሌላ ውጤት አሳይቷል። ቁጥጥር በተደረገባቸው ሦስት ከተሞች 82 በመቶ የሚሆኑት ሻጮች ሕጉን ሲያከብሩ፣ ቁጥጥር ባልተደረገባቸው ያከበሩት 45 በመቶ ነበሩ። ሆኖም የወጣቶቹ ማጨስ አልቀነሰም። ምክንያቱን መገመት አያዳግትም፤ ከአሥር ሱቆች ሁለቱ ብቻ ቢሸጡ እንኳ የትኞቹ እንደሆኑ ተማሪዎች እርስ በርስ ይነጋገራሉ። ስለዚህ ቁጥጥሩ ፍሬ የሚሰጠው ከሞላ ጎደል ሁሉንም ሻጭ ሲያዳርስና ሳይቋረጥ ሲቀጥል ነው።

በእኛ አገር ችግሩን የሚያባብሱ ተጨማሪ ነገሮች አሉ። ሱቅ በደረቴው የሚታገድ ፈቃድ የለውም። አንድ ፍሬ ሲጋራ በተማሪ የኪስ ገንዘብ ይገዛል፤ ፓኮው ላይ ያለውን ማስጠንቀቂያም ገዥው አያየውም። ታላላቆች ሕፃናትን ሲጋራ እንዲገዙ ስለሚልኩም ሻጩ ዕድሜ መጠየቅን እንደ ነውር ይቆጥረዋል። ከዚህ በመነሣት ተቆጣጣሪ አካላት የሚከተሉትን ቢያስቀድሙ ይበጃል፦

1. የትምባሆ ሻጮችን፣ ተዘዋዋሪዎችንም ጨምሮ፣ መመዝገብ፤
2. ያልታሰበ ፍተሻ በተደጋጋሚ ማካሄድ፤
3. ቅጣቱን በገዛው ልጅ ላይ ሳይሆን በሻጩ ላይ ማሳረፍ፣ ጥፋቱ ሲደጋገምም ማክበድ፤
4. በፍሬ መሸጥን ከዕድሜው ክልከላ ጋር አብሮ መቆጣጠር፤
5. ሻጩ በዕድሜው የሚጠራጠረውን ገዥ መታወቂያ እንዲጠይቅ ማስተማር።

የጤና ባለሙያውም ድርሻ አለው። ለማንኛውም ሕመም የመጣን ወጣት ያጨስ እንደሆነ ስንጠይቅ፣ ሲጋራውን ከየት እንደሚያገኝ መጠየቅን አንዘንጋ። የታካሚው ምሥጢር ተጠብቆ፣ በአንድ ትምህርት ቤት አካባቢ የሚደጋገም መልስ ካገኘን ለወረዳው ተቆጣጣሪ ማሳወቅ እንችላለን። ፍተሻው የት መጀመር እንዳለበት ከዚህ የተሻለ የሚጠቁም መረጃ ጥቂት ነው።