ግዙፉ ጫማ ውስጡ ምንድር ነው?

ባለፈው ዓመት በክፍል ውስጥ ለተማሪዎቼ አንድ ጥያቄ አቀረብሁላቸው። «ርዝመቱ 30 ሳንቲሜትር፥ ክብደቱ ግማሽ ኪሎ የሆነ ጫማ አለ። አንድ ነጋዴ ይህንኑ ጫማ በዚያው በቆዳው፥ በዚያው በሶሉ፥ በቁመትም በወርድም በከፍታም 10 እጥፍ አሳድጋችሁ ሥሩልኝ ቢላችሁ፥ ክብደቱ ስንት ይሆናል?» አልኋቸው። የሚበዙት ወዲያው «5 ኪሎ!» ሲሉ መለሱ።

መልሱ ግን 500 ኪሎ፥ ማለትም 5 ኩንታል ነው። ርዝመቱ 10 እጥፍ ሲያድግ የላዩ ስፋት 100 እጥፍ፥ ይዘቱ ደግሞ 1,000 እጥፍ ያድጋል። ክብደትም የሚከተለው ይዘትን ነው እንጂ ርዝመትን አይደለም።

ይህ ለፈተና ብቻ የተፈጠረ ጥያቄ እንዳይመስላችሁ። በዓለም ትልልቅ ከተሞች በየሱቁ ደጃፍና በየኤግዚቢሽኑ አዳራሽ ከሰው የሚበልጥ ጠርሙስ፥ መኪና የሚያህል ጫማ ለማስታወቂያ ቆሞ ይታያል። መንገደኛው ቀና ብሎ ያይና ይደነቃል። እነዚህን ነገሮች የሚሠሩት ባለሙያዎች ግን እንጀራቸው የቆመው በዚህችው ስሌት ላይ ነው።

ነገሩ የቆየ ነው። በአውሮፓ አቈጣጠር በ1881 ዓ.ም. ጄምስ ላፈርቲ የተባለ አሜሪካዊ በኒው ጀርሲ ባሕር ዳርቻ የሚሸጥ መሬት ነበረው። ገዢዎችን ለመሳብ ከፍታው 20 ሜትር ያህል የሆነ ዝሆን ከእንጨት አሠርቶ በቆርቆሮ አለበሰው። እንግዶቹንም በዝሆኑ ውስጥ ባለው ደረጃ ወደ ጀርባው እያወጣ መሬቱን ከላይ ያሳያቸው ነበር። ኋላ ሉሲ የሚል ስም የወጣላት ይህች ዝሆን ክብደቷ 90 ቶን ያህል ነው። ከፍርስራሽ ያዳኗት የአገሩ ሰዎች ናቸው፤ በ1970 ዓ.ም. ወደ ሌላ ቦታ ወስደው ጠገኗት፥ ዛሬም ቆማ ትጐበኛለች።

ላፈርቲ ለአንድ ማስታወቂያ አንድ ሙሉ ሕንፃ ማሠራት ግድ ሆኖበት ነበር። ከ80 ዓመት በኋላ በ1960ዎቹ ውስጥ በካሊፎርኒያ የሚገኝ አንድ ፋብሪካ ከፋይበርግላስ 6 ሜትር ያህል ቁመት ያላቸውን ሰዎች በቅርጽ ማውጫ እያተመ ለነዳጅ ማደያዎችና ለምግብ ቤቶች ይሸጥ ጀመር። ቅርጽ ማውጫ ግን የሚያዋጣው ብዙ ተመሳሳይ ነገር ሲሠራ ነው። አንድ ነጋዴ ለእርሱ ብቻ የሚሆን አንድ ነገር ሲፈልግስ?

መልሱ የተገኘው ከኬሚስቶች ነው። ቴሌቪዥን ሲገዛ በካርቶኑ ውስጥ ዕቃውን ደግፎ የሚገኘውን ነጭ ፎም ታውቁታላችሁ፤ በእጅ ሲፈረፍሩት እንደ ማሽላ ፍሬ ይበተናል። ስሙ ፖሊስቲሪን ነው። በ1950ዎቹ መጀመሪያ ቤአስኤፍ የተባለው የጀርመን ኩባንያ ስታይሮፖር በሚል ስም ለገበያ አቀረበው። ጥቃቅኑ ፍሬ በእንፋሎት ሲሞቅ በውስጡ ያለው ፔንቴን የተባለ ነገር ወደ ጋዝ ተለውጦ እንደ ፈንድሻ ያብጠዋል። ከተነፋ በኋላ ከመቶ 98 እጁ አየር ነው።

እንግዲህ ወደ ጫማችን እንመለስ። ባለ 3 ሜትሩ ጫማ ውስጡ ድፍን ሆኖ ቢሠራ ይዘቱ 2 ሜትር ኩብ ያህል ይሆናል። በሜትር ኩብ 20 ኪሎ ከሚመዝን ፎም ከተሠራ 40 ኪሎ ነው፤ ሁለት ሰዎች ያነሡታል። 5 ኩንታሉ የት ገባ? አየር ተካው።

አሠራሩም እንደሚከተለው ነው። መጀመሪያ በእጅ የሚያዝ ትንሽ ሞዴል ይሠራል። ቀድሞ ሠራተኛው የሞዴሉን ልክ በካሬ ወረቀት ላይ እያሳደገ ይስለው ነበር፤ ዛሬ ይህን ሥራ ብዙውን ጊዜ ኮምፒዩተር ይሠራዋል። ትልልቁ የፎም ብሎክ በኤሌክትሪክ በጋለ ቀጭን ሽቦ ይቈረጣል፤ ሽቦው እንደ መጋዝ አይገዘግዝም፥ እያቀለጠ ያልፋል እንጂ። ከዚያ ቍራጮቹ ይጣበቃሉ፤ በቢላዋ፥ በሞረድና በብርጭቆ ወረቀት ይስተካከላሉ። በመጨረሻም ጠንካራ ልባስ ይለብሳሉ፤ አለዚያ የሕፃን ጣት እንኳ ይሸረክተዋል። ቀለሙ የሚቀባው ከልባሱ በላይ ነው።

እዚህ ላይ ኬሚስትሪ ያልተማረ ሰው ይከስራል። በፎም ላይ አሴቶን ቢንጠባጠብበት ፎሙ ዓይናችን እያየ ይሟሟል። የፖሊስተር ሙጫም እንዲሁ ይበላዋል፤ ኤፖክሲ ግን አይነካውም። ሁለቱ ጣሳዎች በመልክ ይመሳሰላሉ፤ አንዱ የሳምንት ልፋት ያጠፋል።

ከሁሉ የሚከፋው ደግሞ ሦስት ነገር ነው። አንደኛው ነፋስ ነው። በሰዓት 72 ኪሎ ሜትር የሚነፍስ ነፋስ በእያንዳንዱ ካሬ ሜትር ላይ 24 ኪሎ ያህል ይገፋል። የጫማው ጎን 2 ካሬ ሜትር ተኩል ቢሆን ግፊቱ 60 ኪሎ ነው፤ ከፎሙ ክብደት ይበልጣል! ስለዚህ ከቤት ውጭ የሚቆመው ሁሉ በውስጡ የብረት አጥንት፥ ከሥሩም ጠንካራ መሠረት ያስፈልገዋል። ሁለተኛው እሳት ነው። ተራው ፎም ፈጥኖ ይቀጣጠላል፤ እየነደደ ይንጠባጠባል፤ ጢሱም ጥቁርና መርዛማ ነው። እሳት የሚያዘገይ መድኃኒት ቢገባበትም ጨርሶ የማይቃጠል አይሆንም። የጋለው ሽቦ የሚያወጣው ጢስም የሠራተኛውን ሳንባ ይጐዳልና መስኮት ዘግቶ መቍረጥ በራስ ላይ መፍረድ ነው።

ሦስተኛው መጨረሻው ነው። በስፔን አገር በቫሌንሲያ ከተማ ሰዎች በየዓመቱ በማርች 19 ሌሊት በየአደባባዩ ያቆሟቸውን ግዙፍ ምስሎች ያቃጥላሉ። ምስሎቹ ድሮ ከእንጨትና ከካርቶን ይሠሩ ነበር፤ ፎም ከገባ ወዲህ ግን ጢሱ ጠቈረ። ስለዚህ አንዳንድ ባለሙያዎች ወደ እንጨትና ወደ ካርቶን፥ ወደ ሩዝ ገለባም እየተመለሱ ናቸው። የማስታወቂያው ጫማ ደግሞ አይቃጠልም፤ ሁለት ሳምንት ቆሞ ይጣላል። አይበሰብስም፤ ተፈርፍሮ በነፋስና በጎርፍ ወደ ወንዝ ይሄዳል።

ሉሲ ከ140 ዓመት በላይ ቆማለች፤ የከበደችና በብዙ ድካም የተሠራች ናት፤ ልትፈርስ ስትልም የአገሩ ሰዎች አዳኗት። ፎም ግን ሥራውን እንዳቀለለው ሁሉ መጣሉንም አቀለለው። እንግዲህ ከአንባቢዎቼ መካከል ነገ በመሥሪያ ቤቱ ወይም በድርጅቱ ስም እንዲህ ያለውን ነገር የሚያዝ ሰው ቢኖር፥ «ዋጋው ስንት ነው?» ከማለቱ በፊት ሦስት ነገር ይጠይቅ፦ ነፋስ ሲመጣ ምን ይይዘዋል? እሳት ሲነሣ ምን ይሆናል? ማስታወቂያው ሲያበቃስ የት ይገባል? ለሦስቱም መልስ ያለው ሠራተኛ በዋጋ ቢወደድም አይወደድም።