በ2030 ዓ.ም. የጥምቀት ማለዳ ከጣራው የሚደርሰው ቁጥር

ጥር 11 ቀን 2030 ዓ.ም. በአዲስ አበባ ከጠዋቱ 12 ሰዓት ከ14 ደቂቃ ከ7 ሰከንድ ሲሆን፣ ምእመናን ጥምቀተ ባሕሩን ከበው ሳሉ፣ በአሮጌ የኮምፒውተር ሥርዓቶች ውስጥ ያለ አንድ ቆጣሪ ከጣራው ይደርሳል። በዱባይ ከጠዋቱ 1 ሰዓት ከ14 ይሆናል፤ በዋሽንግተን ደግሞ ገና የከተራ ምሽት 4 ሰዓት ከ14 ነው። ቆጣሪው የሚያሳየው ቁጥር 2,147,483,647 ነው።

ይህ ቁጥር ከየት መጣ? ኮምፒውተር ቁጥርን የሚጽፈው በ0 እና በ1 ብቻ ሲሆን፣ እያንዳንዷ ቦታ ቢት ትባላለች። 32 ቢት ሲሰጠው አንዷን ለአዎንታዊና ለአሉታዊ ምልክት ይተውና በቀሩት 31 ቦታዎች ይቆጥራል። የቦታዎቹ ዋጋ 1፣ 2፣ 4፣ 8 እያለ በእጥፍ ያድጋል። ሁሉም በ1 ሲሞሉ ድምሩ፣ 31 ሁለቶች ተባዝተው ከውጤቱ 1 ሲቀነስ የሚገኘው ያው 2,147,483,647 ነው።

የሒሳብ ሊቃውንት ግን ቁጥሩን ያወቁት ከኮምፒውተር በፊት ነው። ስዊዘርላንዳዊው ሌዎናርድ ኦይለር እ.ኤ.አ. በ1772፣ የዓይኑ ብርሃን ከሞላ ጎደል በጠፋበት ዘመኑ፣ ብቸኛ ቁጥር መሆኑን አረጋገጠ፤ ማለትም ከ1 እና ከራሱ በቀር ያለ ቀሪ የሚያካፍለው ሙሉ ቁጥር የለም። ይህን ለማወቅ እስከ ስኩዌር ሩቱ፣ እስከ 46,340 ድረስ ያሉትን አካፋዮች መፈተሽ ይበቃል። ኦይለር ሥራውን ይበልጥ አቀለለው፦ ብቸኛ አካፋይ ቢኖር ለ62 ሲካፈል ቀሪው 1፣ ለ8 ሲካፈል ደግሞ ቀሪው 1 ወይም 7 መሆን እንዳለበት ያውቅ ነበር። ይህን ሁኔታ የሚያሟሉት ከ400 ያነሱ ናቸው፤ አንዳቸውም አላካፈሉትም።

ችግሩ የሚመጣው ከጣራው በኋላ ነው። በሞላው ቆጣሪ ላይ 1 ሲደመር፣ ተሸጋሪው 1 ወደ ምልክቷ ቦታ ይገባና ቁጥሩ በድንገት −2,147,483,648 ይሆናል። በርካታ ሥርዓቶች ጊዜን የሚለኩት ከጃንዋሪ 1 ቀን 1970 ጀምሮ ያለፉትን ሰከንዶች በመቁጠር ስለሆነ፣ በ32 ቢት የቀረ መሣሪያ ያን ማለዳ ቀኑን ዲሴምበር 13 ቀን 1901 ብሎ ሊያነብ ይችላል። የጊዜ ገደብ ያለበት የክፍያም ሆነ የቁጥጥር ሥራ በዚህ ሊሳሳት ይችላል።

መፍትሔው የታወቀ ነው። እ.ኤ.አ. በ2014 «ጋንግናም ስታይል» የተሰኘው ቪዲዮ ወደዚሁ ጣራ ሲቃረብ፣ ዩቲዩብ የተመልካች ቆጣሪውን ወደ 64 ቢት አሳድጓል። አዲሱ ጣራ 9,223,372,036,854,775,807 ነው፤ በሰከንድ ሲለካ 292 ቢሊዮን ዓመት ገደማ ይበቃል። ይህኛው ግን ብቸኛ ቁጥር አይደለም፤ 7 ያለ ቀሪ ያካፍለዋል።

አዳዲስ ኮምፒውተሮችና ስልኮች በአብዛኛው ወደ 64 ቢት ተሸጋግረዋል። ሥጋቱ ያለው አንድ ጊዜ ተተክለው ለዓመታት ማንም በማይነካቸው መሣሪያዎች ላይ ነው፤ እነዚህን ከጥምቀቱ ማለዳ በፊት ፈልጎ ማደስ ያስፈልጋል።